ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የክበብ መርሐ ግብር እንዴት ይዘጋጃል? ለግል ትምህርት ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

በአዲስ አበባ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ውስጥ የርእሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የክበባት ዝርዝር ተለጥፎ ይታያል። ቀይ መስቀል፣ የመንገድ ደኅንነት፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ ሥነ ዜጋ፣ ሚኒ ሚዲያ። ከእያንዳንዱ ጎን የተጠሪ መምህር ስም፣ የአባላት ብዛትና ዓመታዊ ዕቅድ አለ። ኢንስፔክሽን ሲመጣ ሰነዱ ከመሳቢያ ይወጣል። አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ ጠርተው «የየትኛው ክበብ አባል ነህ?» ቢሉት ግን ዓይኑን ያቁለጨልጫል። ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ተጽፏል፤ እሱ አልሰማም።

ይህ የሚሆነው መምህራን ስለሚሰንፉ አይደለም። ክበባቱ ከመነሻው የተቀረጹት ስብሰባ ለሚመሩ፣ ቃለ ጉባኤ ለሚይዙና ከትምህርት በኋላ ለሚቆዩ ትልልቅ ተማሪዎች ነው። የ7 ዓመት ልጅ ስብሰባ አይወድም፣ ለሊቀ መንበርነት አይወዳደርም፣ በ9፡30 ሰርቪሱ ይጠብቀዋል። ለእሱ የሚሆን ክበብ በእጁ የሚነካው ነገር ያለበት፣ በዚያው ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን የሚያልቅ፣ በትምህርት ሰዓት ውስጥ የሚካሄድና ወላጁን ተጨማሪ ብር የማያስከፍል መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን አራት ነገሮች በተግባር ማዋያ ነው። የተጻፈው ለርእሳነ መምህራን፣ ለተጓዳኝ ትምህርት አስተባባሪዎችና «ይህን ክበብ አንቺ ያዢው» ተብለው ድንገት ኃላፊነት ለተሰጣቸው የክፍል ኃላፊ መምህራን ነው።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ከመደበኛው ሰሌዳ ውስጥ ያውጡ

ከሁሉ በፊት የሚወሰነው ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል። ክበቡ ከትምህርት በኋላ ከሆነ በሰርቪስ የሚሄዱት ልጆች ይቀራሉ። ታላቅ ወንድማቸውን ወይም እኅታቸውን ተከትለው የሚሄዱትም ይቀራሉ። የሚቆዩት የቤት መኪና የሚመጣላቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ በሳምንት አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከሰሌዳው ላይ ይውሰዱ፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ ሴክሽኖች በሙሉ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይሁን። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተለቀቁ መምህራኖቻቸውም አብረው ነፃ ይሆናሉ፤ ልጆቹን ከክፍል ክፍል አቀላቅሎ በትንንሽ ቡድን መመደብ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

የትኛው ቀን ይሻላል? ዓርብ ከሰዓት የተለመደ ምርጫ ነው፤ እኔ ግን አልመክርም። ለጁምዓ ሶላት ሲባል የምሳ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ከሰዓቱ ያጥራል፣ ልጁም መምህሩም ልባቸው ወደ ቤት ሄዷል። የተረፈ ሰዓት የተሰጠው ክበብ እንደ ትርፍ ነገር ይቆጠራል። ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ልጆች በዚያ ሰዓት ሆዳቸው ሞልቶ ደብተር ላይ ስለሚያንቀላፉ የሚወሰደው ሰዓት ብዙም አይጎዳም።

ደረጃ 2፦ ልጆቹንና አዋቂዎቹን ይቁጠሩ

ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። ትምህርት ቤቱ በእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሴክሽን፣ በሴክሽን 35 ልጅ ቢኖረው ጠቅላላው 280 ይሆናል። አዋቂዎቹ ደግሞ 8 የክፍል ኃላፊዎች፣ 2 የሰውነት ማጎልመሻ፣ 1 የክወናና ዕይታ ጥበባት፣ 3 የቋንቋ መምህራንና 1 የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ቢሆኑ 15 ናቸው። አንዱን ለአስተባባሪነት ያስቀሩት። እሱ ቡድን አይይዝም፤ በግቢው ይዞራል፣ የጠፋ ልጅ ይፈልጋል፣ የታመመች መምህርት ቦታ ይሸፍናል። የቀሩት 14 ናቸው፤ ለአንድ ሰው 20 ልጅ ይደርሳል።

ከ20 እጅግ የሚበልጥ ከሆነ የቡድኖቹን መጠን ከማሳበጥ ይልቅ ክፍሎቹን ለሁለት ከፍሎ በየሳምንቱ ማፈራረቅ ይሻላል። በ40 ልጅ የሚካሄድ ክበብ ሌላ ስም የተሰጠው የክፍል ትምህርት ነው።

መምህራንን ሲመድቡ የሚያስተምሩትን የትምህርት ዓይነት ሳይሆን የሚወዱትን ይጠይቁ። የሒሳብ መምህሩ በልጅነቱ ገበሬ ቤት ያደገ፣ አፈር የሚወድ ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ስፌት ታውቅ ይሆናል። ለክበቡ የሚጠየቁት ዕቅድ ደግሞ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ለእያንዳንዱ ሳምንት ልጆቹ ምን እንደሚሠሩ፣ ምን ዕቃ እንደሚያስፈልግና ሥራው በምን እንደሚያልቅ የሚገልጹ ሦስት መስመሮች በቂ ናቸው። በመደበኛው የትምህርት ዕቅድ ላይ ሌላ የቅጽ ክምር ከተጨመረ መምህሩ ቅጹን ይሞላል፤ ክበቡን ግን አይሠራም።

ደረጃ 3፦ ጥቂት ክበቦችን መርጦ በደንብ መያዝ

ለዚህ ዕድሜ አምስት ዓይነት ይበቃል፦ የግቢ ጨዋታ፣ ገበጣና ቼዝ፣ ተረትና እንቆቅልሽ፣ ጓሮ፣ እጅ ሥራ። ከላይ ባለው ስሌት የ1ኛ ክፍል 70 ልጆች በ4 ቡድን ይከፈላሉ፤ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ያሉት 210 ደግሞ በ10 ቡድን፣ 21 ልጅ በአንድ ቡድን ይሆናሉ። ከ10ሩ ሦስቱን ለጨዋታ፣ ሁለት ሁለቱን ለገበጣና ቼዝ፣ ለተረትና ለእጅ ሥራ፣ አንዱን ለጓሮ መስጠት ይቻላል።

ሚኒ ሚዲያ የሚቀርብበት ማይክሮፎን ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ልጆች ትልቅ ጉጉት ነው፤ ግን በሰልፍ ላይ የሚናገሩት ሁልጊዜ እነዚያው ሁለትና ሦስት ደፋር ልጆች ስለሚሆኑ እንደ ክበብ አላካተትኩትም። የተረት ክበቡ ልጆች በተራ ቢያቀርቡ የተሻለ ነው።

ስለ ቴኳንዶ፣ ስለ ኪቦርድና ስለ ባሌት አንድ ቃል። እነዚህ ከውጭ በሚመጣ አሠልጣኝና በተጨማሪ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ወይም ከትምህርት በኋላ ቢያካሂዳቸው ክፉ አይደለም። በሳምንታዊው የክበብ ሰዓት ውስጥ ግን አይግቡ። ከጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው ነጭ ልብስ ለብሶ ሲሄድ ያልተከፈለለት ልጅ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት ሰዓት መኖር የለበትም።

ደረጃ 4፦ ልጆቹ ይምረጡ፤ የ1ኛ ክፍሎቹ ግን ይቅመሱ

የ1ኛ ክፍል ልጅ ያላየውን ነገር መምረጥ አይችልም፤ ጓደኛው የሄደበት ይሄዳል። ስለዚህ አራቱ ቡድኖች በየአራት ሳምንቱ ክበብ እየለወጡ ይዙሩ። በጥቅምት ጨዋታ፣ በኅዳር ተረት፣ በየካቲት እጅ ሥራ እያሉ ዓመቱ ሲያልቅ አብዛኞቹን ቀምሰዋል።

ከ2ኛ ክፍል ጀምሮ ምርጫው የልጁ ነው። አምስት ካርቶን ሣጥኖች አንድ ክፍል ውስጥ ይደርደሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሥዕል ይለጠፍ፤ የ2ኛ ክፍል ልጅ ሁሉ እኩል አያነብምና በጽሑፍ ብቻ አይተው። እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈባቸው «1» እና «2» የሚሉ ሁለት ወረቀቶች ይሰጡታል፤ ብቻውን ገብቶ የመጀመሪያና ሁለተኛ ምርጫውን ይጥላል። ብቻውን የሚለው ቃል ዋና ነው። በክፍል ውስጥ እጅ በማውጣት ከተመረጠ ወንዶቹ በሙሉ ወደ ኳስ፣ ሴቶቹ በሙሉ ወደ እጅ ሥራ ይጎርፋሉ፤ ሣጥኑ ጋ ብቻውን የቆመ ልጅ ግን የሚያስገርም ምርጫ ያደርጋል።

አንዱ ክበብ ከሞላ በልጆቹ ፊት ዕጣ ይውጣ። ዕጣው ሳይወጣላቸው የቀሩትን ልጆች ስም ይያዙ፤ በሚቀጥለው ዙር ቅድሚያ የእነሱ ነው። ልጆች ዕጣን ያከብራሉ። የማይቀበሉት «ቲቸር መረጠችው» የሚለውን ነው።

አንዱ ዙር 8 ሳምንት ይሁን። የመጀመሪያው ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ሁለተኛው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ። መስከረም ልጆች ክፍላቸውን የሚለምዱበት ነው፤ ጥር በፈተናና በበዓል ይበጣጠሳል፤ ሰኔም እንደዚሁ። በመካከል የሚተርፉትን ሳምንታት ለጉብኝትና ለቤተ መጻሕፍት ይተዉአቸው። ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ክበብ ለትንሽ ልጅ እስር ነው፤ የማይወደው ውስጥ ከገባ መውጫ የለውም።

ደረጃ 5፦ እያንዳንዱን ክበብ ማዘጋጀት

ገበጣና ቼዝ። ገበጣ ለመሥራት እንጨት ጠራቢ አያስፈልግም። 30 እንቁላል የሚይዘው የወረቀት ትሪ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያላቸው አምስት ረድፎች አሉት። በመቀስ ሲቆረጥ ባለ ሁለት ረድፍ ሁለት ገበጣ ይወጣዋል፤ የተረፈው አንድ ረድፍ ደግሞ የተማረከ ጠጠር ማስቀመጫ ይሆናል። ለ20 ልጅ 10 ገበጣ፣ ማለትም 5 ትሪ ይበቃል። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ሲደረግ ለአንድ ገበጣ 48 ጠጠር ያስፈልጋል፤ ግቢው ውስጥ ልጆቹ ራሳቸው ለቅመው፣ አጥበው፣ ቆጥረው በፌስታል ያስሩታል። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ይኸው ነው፤ ቆጠራው ራሱ ሒሳብ ነው። ባቄላና ሽምብራ አይጠቀሙ፤ ይበላል፤ ያልተበላው አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

የገበጣ ሕግ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ አንዱ ልጅ ከጎጃም አያቱ የተማረውን፣ ሌላው ከወሎ የመጣውን ይዞ ይከራከራል። ክርክሩን ይስሙና ለክበቡ አንድ ሕግ መርጠው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ለጀማሪ የሚቀለው ይህ ነው፦ ተጫዋቹ ከራሱ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ ያነሣል፤ ወደ ቀኙ እየዞረ አንድ አንድ ጠጠር ይዘራል፤ የመጨረሻዋ ጠጠር በራሱ ረድፍ ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ፊት ለፊት ያለውን የተጋጣሚውን ጠጠር ይወስዳል። የተሸነፈ ልጅ ያለቅሳል፤ ያልቅስ። በሦስተኛው ሳምንት ልቅሶው ቀርቶ «እንደገና!» የሚለው ይመጣል።

ቼዝ የሚጀመረው በሙሉ ሰሌዳ አይደለም። 32ቱ ጠጠሮች በአንድ ቀን ከቀረቡ ልጁ ፈረሱን ብቻ ያስታውሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ስምንት ስምንት ወታደሮችን ብቻ ያሰልፉ፤ መጀመሪያ ወደ ማዶ ያሻገረ ያሸንፋል። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ይጨመራል። የጠጠሮቹ ዓይነት ስድስት ስለሆነ በስድስት ሳምንት ተሟልቶ ሁለት ሳምንት ለሙሉ ጨዋታ ይተርፋል። አባቶቻችን የሚጫወቱት የጥንቱ ሰንጠረዥ ወረራ የሚባል መክፈቻ ነበረው፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪማረክ ድረስ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። የ2ኛ ክፍል ልጆች ሳይነገራቸው የሚጫወቱት ይህንኑ ነው። ተራ መጠበቅን ማስተማር ለብቻው አንድ ሳምንት ይወስዳል፤ በዕቅዱ ውስጥ ይያዝ።

ተረትና እንቆቅልሽ። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ልጆችን ሲይዙ የነበሩት በድምፃቸው፣ በዓይናቸውና በእጃቸው ነበር። ለዚህም ክበብ ሌላ መሣሪያ አይፈለግም። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ክብ ይሠራል፤ መምህርቷ «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ። ተረቱ ከ7 ደቂቃ አይበልጥ። ሲያልቅ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው መልሰው ይናገራሉ፤ ከዚያ አንድ ጥንድ በሁሉም ፊት ይቀርባል። መጽሐፍ ከፍቶ ማንበብ ሌላ ሥራ ነው፤ እዚህ በቃል ነው።

እንቆቅልሹ የክፍለ ጊዜው መዝጊያ ይሁን። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» ሲባባሉ፣ ያልቻለው «አገር ስጠኝ» ሲባል በካርታ ላይ ከተማ ፈልጎ እንዲሰጥ ያድርጉ። በሁለት ወር ውስጥ ነቀምት፣ ደሴ፣ ጅንካና ጎዴ የት እንዳሉ ያውቃሉ።

ለሳምንቱ የሚሰጥ አንድ ሥራ ቢኖር «ከቤት አንድ ተረት ይዛችሁ ኑ» ነው። ከአያት፣ ከአክስት፣ ቤት ውስጥ ከምትሠራው እኅት፣ ከጎረቤት። ተረቱ በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ ወይም በትግርኛ የተነገረ ከሆነ ልጁ በሰማበት ቋንቋ ይጀምር፤ የሚያውቅ ጓደኛ ይተርጉም። የግቢውን ጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛዋን አንድ ቀን እንግዳ አድርጎ መጋበዝም ይቻላል። ብዙ ጊዜ ከመምህራኑ ይልቅ የሚያወሩት አላቸው፤ ልጆቹም «ጋሼ» ብለው የሚያልፏቸውን ሰው ያን ቀን በሌላ ዓይን ያያሉ።

እዚህ ላይ የግል ትምህርት ቤቶችን የሚመለከት ጥያቄ አለ። በአንዳንዶቹ ግቢ ውስጥ አማርኛ መናገር ያስቀጣል። ቤት ውስጥም በእንግሊዝኛ ካርቱን ያደገ፣ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚከብደው ልጅ አለ። የተረት ክበብ የሚካሄደው በአማርኛና በልጆቹ የቤት ቋንቋዎች ነው፤ ርእሰ መምህሩ ይህን በጽሑፍ ለመምህራኑ ያሳውቅ። በእንግሊዝኛ የተተረጎመ የጦጣና የዝንጀሮ ተረት ለወላጅ ስብሰባ ያምር ይሆናል፤ ልጁ ግን ለአያቱ መልሶ ሊነግረው አይችልም።

ጓሮ። ግቢው ሲሚንቶ ብቻ ቢሆንም ይቻላል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጎኑ ተጋድሞ ከላይ ይቆረጣል፤ ከታች በምስማር አሥር ያህል ቀዳዳ ይበሳል። መቁረጡና መብሳቱ የአዋቂ ሥራ ነው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ ይሞላል። ለሁለት ልጅ አንድ ጀሪካን፤ ስማቸው ይጻፍበት። የሁሉም የሆነ መደብ የማንም አይሆንም።

ምን ይዘራ? ዙሩ 8 ሳምንት ስለሆነ ሰብሉም በዚያ ውስጥ መድረስ አለበት። ጥቅል ጎመንና ቀይ ሽንኩርት ይቅሩ፤ ወራት ይወስዳሉ። በመጀመሪያው ቀን ፌጦ ይዝሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ሳይሞላው ብቅ ስለሚል ልጆቹ በሚቀጥለው ስብሰባ የሚያዩት ነገር ያገኛሉ። ቅጠሉም ይበላል። ከጎኑ ሰላጣና ቆስጣ ይዘራል፤ ሰላጣው ከችግኝ ከተነሣ ይፈጥናል፤ ቆስጣው በዙሩ ማብቂያ ላይ የዳር ቅጠሉ ይቀነጠሳል። በጥቅምት ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስለሚበረታ ውኃ ማጠጣት ግዴታ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አትክልት ወይም ምሳ ዕቃ ያለ ሳሙና የታጠበበትን ውኃ በባልዲ ያጠራቅሙ። ቅዳሜና እሑድ የሚያጠጣ ሰው አስቀድሞ ይታወቅ፤ ካልታወቀ ሰኞ የሚገኘው ጠውልጎ ነው። ጥበቃውን ያነጋግሩ፤ ከምርቱም ያካፍሉት።

የግቢ ጨዋታ። ኳስ እንዲገባ ከተፈቀደ ሌላው ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ በዚህ ሰዓት ኳስ አይወጣም። ሰኞ ማክሰኞ፣ መሐረቤን ያያችሁ፣ ገመድ ዝላይ፣ ሱዚ፣ ዱላ ቅብብል፣ በጆንያ መዝለል። ጠመኔ፣ ገመድና ጆንያ ይበቃል። ወንዶቹ ሱዚ «የሴት ነው» ብለው ያጉረመርማሉ፤ ገመዱ ጉልበት ላይ ሲደርስ መዝለል ሲያቅታቸው ዝም ይላሉ። ረጅም ርቀት አያስሩጡ፤ የአጭር ርቀት ቅብብል ለዚህ ዕድሜ ይበቃል፣ ቀርፋፋውንም ልጅ አያጋልጥም።

እጅ ሥራ። ጭቃ፣ የወረቀት ቅርጫት፣ ቁልፍ መስፋት። ዕቃው በዚያው ቀን ተሠርቶ ወደ ቤት ይሂድ። መቀሶቹ ጫፋቸው ክብ ይሁን፤ ሲወጡና ሲገቡ ይቆጠሩ።

ደረጃ 6፦ 40ውን ደቂቃ ማከፋፈል

ለመሄድና ስም ለመጥራት 5 ደቂቃ፣ ለሥራው 25፣ ዕቃ ለመሰብሰብና እጅ ለመታጠብ 7፣ ለመመለስ 3። መምህሩ የሚያብራራበት ጊዜ ከ25ቱ ውስጥ ከ3 ደቂቃ አይበልጥ። ብዙ ክበቦች የሚበላሹት ዕቃ መሰብሰቢያው ስለሚዘነጋ ነው፤ ደወል ሲደወል ጠጠሩ መሬት ላይ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ገበጣው ጎዶሎ ይሆናል። ሰብሳቢዎቹ ልጆቹ ናቸው፤ በየሳምንቱ ሁለት «ዕቃ ቤቶች» ይሾሙ። ሹመቱን እንዴት እንደሚኮሩበት ያያሉ።

ደረጃ 7፦ ልጅ የሚጠፋው በመንገድ ላይ ነው

አደጋ የሚበዛው ክበቡ ውስጥ ሳይሆን ከክፍል ወደ ክበብ በሚሄዱበትና በሚመለሱበት ደቂቃ ነው። ለየክበቡ አንድ ቀለም ጨርቅ ይመደብ፤ ልጁ እጁ ላይ ያስረው። የ1ኛ ክፍል ልጆችን መምህርቷ ራሷ ከክፍላቸው በር ትረከባለች፤ እዚያው ትመልሳለች። ከመውጣት በፊት ሽንት ቤት። በየቡድኑ መዝገብ ላይ የልጁ ስም፣ ሴክሽን፣ የሰርቪስ ቁጥር፣ የማይስማማው ምግብ ወይም መድኃኒትና የአስም ሁኔታ ይጻፍ።

በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሁን፤ ሕጉ ለነባር መምህርም ለውጭ አሠልጣኝም እኩል ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ መታወቂያውና የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ይያዝ፣ የትምህርት ቤቱ መምህርም ከጎኑ አይለይ። ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ አሠልጣኝ ቢቀር ይሻላል።

ለጉብኝት ሲወጡ ለ8 ልጅ አንድ አዋቂ፣ ከወላጅ የተፈረመ ፈቃድ፣ መኪና ላይ ሲወጡ፣ ሲወርዱና ከመመለስ በፊት ቆጠራ። አራት ኪሎ አካባቢ ብሔራዊ ሙዚየምና በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስለሚቀራረቡ ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማየት ይቻል ይመስላል። አይሞክሩት፤ ለዚህ ዕድሜ አንዱ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ወላጆችን አስቀድሞ ማነጋገር

ልጁን ለሕክምና ትምህርት ያጨ አባት «ለገበጣ ነው ይህን ሁሉ ብር የምከፍለው?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ሳይመጣ በመስከረም ደብዳቤ ይላኩ፤ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ስብሰባም ይነገር። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«የተከበራችሁ ወላጆች፣ ከጥቅምት ጀምሮ ዘወትር ሐሙስ ከምሳ በኋላ ልጆቻችሁ በመደበኛው የትምህርት ሰዓት ውስጥ ለ40 ደቂቃ በክበብ ይሳተፋሉ። ተጨማሪ ክፍያ የለውም፤ ነጥብም አይሰጥበትም። ከ2ኛ ክፍል ጀምሮ ክበቡን የሚመርጠው ልጁ ራሱ ነው። ስለ ጤናው ማወቅ የሚገባን ነገር ካለ ከዚህ በታች ጻፉልን። ባዶ የእንቁላል ትሪ፣ አሮጌ ጀሪካንና የጨርቅ ቁራጭ ካላችሁ ላኩልን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይተዉአት። ትሪ የላከች እናት ትሪው የት እንደገባ ትጠይቃለች።

ልጄ ክበቡን ይቀይርልኝ የሚል ወላጅ ሲመጣ በትሕትና ይመልሱ፦ ዙሩ 8 ሳምንት ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ልጁ እንደገና ይመርጣል።

የወላጆች ቀን የክበቦች ጠላት ሲሆን አይቻለሁ። ከሚያዝያ ጀምሮ ጓሮውም ገበጣውም ይቆምና ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ ውዝዋዜ ይለማመዳል። በምትኩ በዙሩ ስምንተኛ ሳምንት ወላጆች በክበቡ ሰዓት ይምጡ፤ መድረክ አይሠራ፣ ንግግር አይኑር። ልጁ ወላጁን አስቀምጦ ገበጣ ያስተምረው፣ ቆስጣውን ያሳየው፣ ተረት ይንገረውና «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይበለው። ሥራ ቆይቶበት ወላጁ ላልመጣ ልጅ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች እንግዳ ሆነው ይቀመጡለት፤ ይህ በዕቅድ ካልተያዘ ያን ቀን የሚያለቅስ ልጅ ይኖራል።

ደረጃ 9፦ የዘመን አቆጣጠሩን ማየትና መዝገብ መያዝ

ዙሮቹን በቀን መቁጠሪያ ላይ ሲያሰፍሩ በዓላቱን ብቻ ሳይሆን ጾሙንም ይመልከቱ። የ2018ቱን ዓመት ብንወስድ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሁለቱም የጀመሩት በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት ነው። ረመዳን በየዓመቱ ቦታውን ስለሚለውጥ ያለፈውን ዓመት ዕቅድ ገልብጦ መጠቀም አያዋጣም። ትንንሽ ልጆች ባይጾሙም ከትልልቆቹ ጋር ለመጾም የሚሞክሩ አሉ፤ በእነዚያ ሳምንታት ሩጫውን ቀንሶ ሰኞ ማክሰኞና ቅልልቦሽ ማብዛት ይበቃል። ክበብ ውስጥ የሚቀመስ ነገር ካለም የጾም ይሁን። የበልግ ዝናብ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት ላይ ስለሚመጣ የግቢ ጨዋታ ቡድኖች የሚጠለሉበት ክፍል አስቀድሞ ይለይላቸው።

ነጥብ አይስጡ፤ ሰርተፍኬትም አያስፈልግም። አስተባባሪው የሚይዘው መዝገብ ሦስት ነገር ብቻ ይኑረው፦ ማን ቀረ፣ ምን ዕቃ ጎደለ፣ የትኛው ልጅ ዳር ቆመ። ሦስተኛው ይበልጣል። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ዳር የቆመ ልጅ ካለ ዙሩ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ሌላ ቡድን ሄዶ ይሞክር፤ የክፍል ኃላፊዋም ትወቅ። የማየት ወይም የመስማት ችግር መጀመሪያ የሚታወቀው አንዳንድ ጊዜ ተረት ላይ ወይም ዱላ ቅብብል ላይ ነው።

በዙሩ መጨረሻ መምህራኑ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጡ፤ ሣጥኑ ውስጥ ጥቂት ስም ብቻ የገባለት ክበብ ይታጠፍ፣ የተጨናነቀው ቡድን ይጨመርለት። ሰኔ ላይ ዕቃው ተቆጥሮ በካርቶን ይታሸግ፤ በላዩ ላይ የክበቡ ስምና ያለው ብዛት ይጻፍ። የእንቁላል ትሪዎቹን ግን አያስቀምጡ፤ የክረምቱ እርጥበት ያበሰብሳቸዋል፣ አይጥም ትወዳቸዋለች። ለመስከረሙ ደብዳቤ አዲስ ይለመናል።